አንጋፋነት በውክልና

አምቦ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተወደድከው ለሌንጂሳ ልጅ ለኢብሳ፣

የሰማይና የምድር ጌታ በያለህበት ይጠብቅህ፤ ብርዱ አይንካህ፣ ክፉ ዓይን አይይህ፣ እንጀራህ ይባረክ። አካም ጅርታ፣ እንዴት አለህ? እኛ በአምቦ ደኅና ነን። ባለቤቴ ድንቅቱ ደኅና ናት፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው፣ ላሟም ወልዳለች።

አንተ ልበልህ ወይስ እርስዎ፣ ይኸው ሰባት ዓመት ሙሉ እንደተቸገርኩ አለሁ። በዕድሜ ከመጨረሻ ልጄ ታንሳለህ። ግን አባትህና እኔ የወንድማማች ልጆች ነን፤ እሱ የትልቁ፣ እኔ የትንሹ። እሱ ካረፈ ጀምሮ የቤተሰቡ አንጋፋ አንተ ነህ፤ ስዊድን መኖርህ ይህን አይለውጠውም። አንጋፋው ሳይመርቅ ሰርግ አይጀመርም፣ አንጋፋው ሳይናገር የተጣላ አይታረቅም። አንተ እዚህ ስለሌለህ ለምለም ሣር ይዤ በቦታህ የምቆመው እኔ ነኝ፤ አንተን ሳላስፈቅድ ግን አልቆምም። ስለዚህ ልጠይቅህ።

የአዲስ ዓለሙ ዘመዳችን ወሰኑ ልጁን ሃዋኒን በጥር ሊድር ነው፤ በስምህ ልመርቃት? ደግሞ እጃጂ ያሉት ፈየራና በድሉ እንደተኮራረፉ ናቸው። ፈየራ ወፍጮ ተከለ፤ ወፍጮው ሲዞር የበድሉ ግድግዳ ተሰነጠቀ፤ ይኸው አንዱ ባለበት ሌላው አይቀመጥም። የአንድ እናት ልጆች! አራት ጊዜ እጃጂ ተመላለስኩ። በስምህ ልገሥጻቸው?

ስለ ጤናዬ ጠይቀኸኛል። ዓይኔ ትንሽ አስቸግሮኛል፤ ምንም አይደል። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም የዓይን ግፊት ነው ብሎ ለኅዳር 18 ቀጥሮኛል። ድንቅቱ ሂድ ሂድ እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ጊዜ ካገኘሁ እሄዳለሁ።

ስልክህን የማላነሣው ንቄህ እንዳይመስልህ። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነገሩን በወረቀት ካልያዘ አያምንም።

ምላሽህን የሚጠብቅ፣ አጎትህም ታናሽህም፣
ገቢሳ


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 9 ቀን 2011 ዓ.ም. (ቀኑን ከኢንተርኔት አይቼ ነው፤ ከተሳሳትኩ ይቅርታ)

ለክቡር ጋሼ ገቢሳ፣

እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ለእትዬ ድንቅቱ ጉልበታቸውን ስሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በመጀመሪያ እባክዎ እኔን እርስዎ አይበሉኝ፤ ያስደነግጠኛል። ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን አለ ብዬ ነው የማየው።

ሃዋኒን ይመርቁ። እነፈየራንም ይገሥጹ። ጋሼ፣ እኔን ለምን ትጠይቁኛላችሁ? በድሉን መንገድ ላይ ባገኘው እንኳ አላውቀውም። ስለማላውቃቸው ሰዎች እሺ ስል ሌባ የሆንኩ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ላጫውትዎ። የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ባለፈው ሳምንት ሥልጠና ሰጠን። አሠልጣኟ ወረቀት አደለችንና በሳምንት የምትሠሩትን ሁሉ ጻፉ፣ ከዚያ ዋና ዋናዎቹን ሦስቱን አስቀርታችሁ ሌላውን ሰርዙ አለችን። ጊዜም ጉልበትም የሚያልቅ ነገር ነው፤ ዋናው ላይ ካልዋለ እንዲሁ ፈሶ ይቀራል አለች። እኔ ሥራ፣ አውቶቡስ መጠበቅ፣ ልብስ ማጠብ፣ እንቅልፍ ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ማስቀረት ቀርቶ ሦስት ዋና ነገር ማግኘት አቃተኝ። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና እርስዎ ትዝ አሉኝ፤ የእርስዎ ደግሞ በወረቀት የሚያልቅ አይደለም።

እስቲ ይሞክሩት። ዓይንዎ ከሦስቱ አንዱ ይሁን። ለመሆኑ የትኛው ዓይን ነው? ይህስ ስንተኛ ቀጠሮ ነው? ሁለቱንም አልነገሩኝም።

ልጅዎ ኢብሳ


አምቦ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለአንጋፋዬ ለኢብሳ፣

ከዓመት ዓመት ያድርስህ፤ መጪውን ገና በደስታ ያሳልፍህ፤ የሄድክበት ይቃናልህ። ደብዳቤህ ኅዳር 29 ደረሰኝ።

ቀጠሮው አልፎ ነበር። ኅዳር 17 ከእጃጂ የፈየራ አማት አረፉ ብለው ላኩብኝ። ቀብር ትቼ ዓይን ላሳይ? ሰው ምን ይለኛል? ሄድኩ። ከዚያ የሆነውን ብታይ! ፈየራ ድንኳን ጣለ። በድሉ ደግሞ በዚህ ማዶ የራሱን ድንኳን ጣለ። ‘ሴትዮዋን እወዳቸው ነበር፣ ከሱ ድንኳን ግን አልገባም’ ይላል። ለቀስተኛው ወዴት እንደሚገባ ግራ ገብቶት አስፋልት ዳር ቆሞ አለቀሰ። የባኮ አውቶቡስ መጥቶ ጥሩምባ እየነፋ በተነን።

ወረቀቱን ሞከርኩት፤ ሃያ ሰባት ነገር ወጣ። ድንቅቱ ቀጠሮውን አንደኛ ላይ ጻፈችው፤ እኔ ወደ አሥራ ዘጠነኛ አወረድኩት፤ ቀጠሮ ይለወጣል፣ ቀብር አይለወጥም። የዕድሩን ጸሐፊነት ሰረዝኩ። ቀለሙ ሳይደርቅ የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋና ተነሥቼ ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያኑን ሕንፃ ኮሚቴ ልሰርዝ ብዕሬን ሳነሣ እጄ ፈራ። የትምህርት ቤቱን የወላጆች ኮሚቴ እንኳ ልተው ስል ሊቀ መንበሩ በሩን አንኳኳ። ሦስት አስቀር ትላለህ፤ አንዱን የነካሁት እንደሆነ ከኋላው ሰው አለ እኮ! እናንተ ዘንድ ሲሰረዝ ዝም የሚል ነገር ይሆናል የሚጻፈው።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለሌላ አልተናገርኩም። ባለፈው እሑድ ዕድር ላይ ስም ስጠራ ጋሮማን ‘ቀሪ’ ብዬ ቀጣሁት። ሰውየው ፊቴ ተቀምጧል። ‘አቶ ገቢሳ፣ እዚህ ነኝ እኮ!’ ቢለኝ ‘ስትጠራ ነው አቤት የሚባለው!’ ብዬ ጮኽኩበት። ቤት ገብቼ መዝገቡን በማጉያ መነጽር ሳየው ለካ ስሙን አልጠራሁትም፤ መስመሩን ዘልዬዋለሁ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ስንተኛ ቀጠሮ ነው ላልከው፣ መቁጠሩ ምን ያደርጋል። አዲሱ ለመጋቢት 10 ነው።

‘እኔን ለምን ትጠይቁኛላችሁ’ ያልከው ግን ቅር አሰኝቶኛል። ታዲያ ማንን እንጠይቅ?

ገቢሳ


ጎተንበርግ፣ ጥር 25 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለክቡር ጋሼ ገቢሳ፣

ሰላምና ጤና ከነመላው ቤተሰብዎ ይብዛልዎ። ቅር ስላሰኘሁዎት ከልቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጋሼ፣ ዘዴ አገኘሁ! ያ ሥልጠና ላይ ራስህ የማትሠራውን ለሚሠራው አስተላልፍ የሚል ነገር ነበር። አሰብኩበት። እርስዎ የሚደክሙት የእኔን ሥራ በእኔ ፈቃድ እየሠሩ ነው። ፈቃዱ ሲመላለስ ወራት ይሄዳል። ስለዚህ ፈቃዱን አንዴ በሙሉ ብሰጥዎስ? እርስዎ ደግሞ ወረቀት ያምናሉ።

ከሥራ አንድ ቀን ወስጄ በባቡር ኤምባሲ ድረስ ሄድኩ። ጸሐፊው ‘ውክልናው የቤት ነው የመኪና?’ አለኝ። ‘የአንጋፋነት’ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ‘የየት አገር ሰው ነህ?’ ‘የአምቦ’ አልኩት። ሳቀና ‘እኔም የነቀምቴ ልጅ ነኝ፣ ይገባኛል፤ ግን ለዚህ የተዘጋጀ ጽሑፍ የለም። ምን ተብሎ ይጻፍልህ?’ አለኝ። እኔ ደግሞ እንዳይጎድል ብዬ ‘ጠቅላላ ይሁን፣ ምንም አይቅር’ አልኩት። ‘አንብበው’ ቢለኝም ባቡሩ እንዳያመልጠኝ ሳላነብ ፈረምኩ። ይኸው ማኅተም ያለበት ወረቀት ከዚህ ጋር አለልዎ።

ከእንግዲህ በስሜ ሁሉን ያድርጉ። መጠየቅ የለም፣ መጠበቅ የለም። የተረፈውን ጊዜ ለዓይንዎ ያውሉት።

ደስ ብሎኝ ነበር የወጣሁት። ባቡሩ ውስጥ ግን ምን እንደሰጠሁ ግራ ገባኝ። ያልያዝኩትን ነገር ነው የሰጠሁት፤ ሆኖም ከሰጠሁ በኋላ እጄ ባዶ የሆነ መሰለኝ። ይህ ለእርስዎ ይገባዎታል?

ልጅዎ ኢብሳ


አምቦ፣ መጋቢት 16 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለአቶ ኢብሳ ሌንጂሳ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ለሌላው ሰላምታ አቅም የለኝም።

ወረቀትህ ደረሰኝ። ማኅተሙን አይቼ ልቤ ሞላ። የካቲት 24 እሑድ ዘመድ አዝማዱን እጃጂ አባትህ ቤት ሰበሰብኩ። ከባኮ የመጣ አለ፣ ወሰኑም ከአዲስ ዓለም መጥቷል። ተነሥቼ ‘አንጋፋችን በማኅተም ተናግሯል፣ ስሙ!’ አልኩ። ድምፀ ሸጋ ነው ብዬ ወረቀቱን ለበድሉ ሰጠሁት። በድሉ አነበበ። ‘…የማይንቀሳቀስ ንብረቴን እንዲሸጡ፣ እንዲለውጡ፣ በባንክ እንዲያስይዙ፣ ስመ ሀብቱን ለሦስተኛ ወገን እንዲያዛውሩ…’

በድሉ ወረቀቱን ለፈየራ አቀበለው። ሁለት ዓመት ሰላም ያልተባባሉ ሰዎች! ጎን ለጎን ቆመው እንደገና አነበቡት፤ ከዚያ አብረው አፈጠጡብኝ። አስታርቃለሁ ብዬ የደከምኩባቸው ሰዎች እኔን ለመጥላት ለዚያች ቀን ታረቁ! ወሰኑ ‘ይህን የአባቶች ቤት ልትሸጠው ኖሯል የሰበሰብከን’ አለኝ። ከወደ ጓዳ አንዲት አሮጊት ‘ኢብሳ ሞቶ ነው እንጂ በሕይወት ያለ ሰው እንዲህ አይጽፍም’ ብለው ለቅሶ ጀመሩ። ሌላውም ተቀበላቸው። አለመሞትህን ሳስረዳ መሸ።

ለምን አስቀድመህ አላነበብከውም ትለኛለህ። ሠላሳ ዓመት ውክልና ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው! ፊደሉ ጤፍ ያክላል፣ ልጄ። ያንተን ደብዳቤ በትልቁ ስለጻፍከው አነበብኩት። የዚያኛው ግን ማኅተሙ ብቻ ነው የታየኝ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ቤት አልሸጥም እያልኩ መማል ሆኗል። አዲስ ዓለም ሄድኩ፣ እጃጂ ሁለት ጊዜ፣ ባኮ ሦስት ቀን አደርኩ። የመጋቢት 10 ቀጠሮ ባኮ ሳለሁ አለፈ። ዋናውን ነገር ያዝ ትለኛለህ፤ ዋናው ስሜ አይደለም እንዴ? ስሜን ሳድን ዓይኔ ያመልጣል፣ ዓይኔን ላሳይ ስል ወንጀለኛ ሸሸ እባላለሁ። የቱ ይቅደም? በእውነት አላውቅም። ጠዋት ይህ ነው ብዬ የተነሣሁበት ከሰዓት በኋላ ይጠፋኛል።

ገቢሳ

ከዚህ በታች ያለው የእኔ የድንቅቱ ነው። ፖስታ ቤት አድርሺ ብሎኝ ከፍቼ ጨመርኩበት፤ አንተም አትንገርብኝ። ልጄ ኢብሳ፣ ቀኝ ዓይኑ ከጠፋ ከርሟል። ደጃፍ ላይ የተሰጣ ኮት ሰላም ሲል አይቼዋለሁ። ያሳለፈው ቀጠሮ አምስት ነው። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ የጠፋው አይመለስም፣ ግራው ግን ክረምቱ ሳይገባ ኦፕራሲዮን ካልተደረገ ይከተላል ብሎኛል። እኔ ተናግሬ ተናግሬ ደከመኝ። የምትችለውን አድርግ።


ጎተንበርግ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2011 ዓ.ም.
ግልባጭ፦ ለአቶ ፈየራ፣ ለአቶ በድሉ (እጃጂ)፣ ለአቶ ወሰኑ (አዲስ ዓለም)

ለክቡር ጋሼ ገቢሳ፣

ሰላም ለቤትዎ ይሁን። ያን ውክልና ሰርዣለሁ፤ የስረዛው ወረቀት አብሮ አለ፣ ይህን ግን አንድ በአንድ አንብቤዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው። ጋሼ አንድ ቆርቆሮ እንኳ ለመሸጥ አላሰቡም፤ የተጠራጠረ ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃቸው።

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። አንጋፋነት ምን እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም። እዚህ የማንም አንጋፋ አይደለሁም፤ ፈረቃ ሲያልቅ ካርዴን አስነብቤ እወጣለሁ። ግን እኔ አይደለሁም ባልኩ ቁጥር እርስዎ ላይ እንደሚወድቅ አየሁ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ልሁነው። ከዚህ በታች ያለውን አባቴ ሌንጂሳ ቢኖር እንደሚናገረው አድርጋችሁ ስሙልኝ።

ገቢሳ! ዓይንህን ታከም። ሐኪሙ ድነሃል እስኪልህ ድረስ በስሜ ሰርግ አትመርቅ፣ የተጣላ አታስታርቅ፣ ዕድር ላይ ስም አትጥራ፣ ለቀብር እንኳ ቢሆን ከአምቦ አትውጣ። የሚጠራህ ቢመጣ አንጋፋው ከልክሎኛል በል። ፈየራና በድሉ፣ ሁለታችሁም በአንድ መኪና ተቀምጣችሁ አዲስ አበባ ታደርሱታላችሁ፣ እስኪወጣም ትጠብቁታላችሁ። መነጋገር አለመነጋገር የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ይህን ያላደረገ የሌንጂሳን ደጅ አይርገጥ።

ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። አንተ ያልኩበትን ሁለት ጊዜ እርስዎ ብዬ ሰርዣለሁ፤ ስርዙን አይተው ይፍረዱ።

ኢብሳ


አምቦ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለአንጋፋዬ ለኢብሳ፣

እንደ አባትህ ያኑርህ፤ ዘርህ ይብዛ፤ ያዘዝከው ሁሉ ይሰማልህ። ሦስት ወር ዝም ስላልኩህ ተጨንቀህ ይሆናል። ፊደሌ ስለተለቀ በገጽ አምስት መስመር ብቻ ነው የሚገባልኝ፤ ወረቀት አባከነ አትበለኝ።

መጀመሪያ ተቆጣሁ። ገቢሳ ብለህ በስሜ ብቻ፣ ያውም ለወሰኑ ግልባጭ አድርገህ! ሦስት ቀን ሙሉ ከሰው አልተነጋገርኩም። በአራተኛው ቀን የኮሚቴው ሊቀ መንበር ሊጠራኝ መጣ። እስቲ ልሞክረው ብዬ ‘አንጋፋው ከልክሎኛል’ አልኩት። ‘እሺ’ ብሎኝ ሄደ። በቃ! እንደዚህ ቀላል ነው? ከዚያ ለቀብር የመጣውንም አልኩት፣ ‘እግዚአብሔር ይማርዎ’ ብሎ ሄደ። ዕድሩን ጋሮማ ያዘው፤ መጀመሪያ የጠራው የእኔን ስም ነው፤ አልመጣሁምና ቀጣኝ፣ ይበለኝ።

ፈየራና በድሉ በፈየራ መኪና ወሰዱን። ከአምቦ እስከ አዲስ ዓለም አንድም ቃል አልተነፈሱም። አዲስ ዓለም ላይ በድሉ ወርዶ ብርቱካን ገዛና ለእኔና ለድንቅቱ አደለን፤ አንዷን ደግሞ ማርሹ አጠገብ አስቀመጣት። ፈየራ አልነካትም። ሆለታ ስንደርስ አየሁ፣ ልጧ ብቻ ቀርቷል። አልታረቁም፤ አሁንም ስለ ግድግዳው ይጨቃጨቃሉ። ግን ለመጨቃጨቅ መነጋገር ያስፈልጋልና ይኸው ይነጋገራሉ። እኔ ሣር ይዤ አንድ ዓመት የለመንኩት ነገር እንዲህ ሆነ፤ እንዴት እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ሰኔ 11 ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ቀኙ እንደ ጠፋ ቀረ። ግራው ተረፈልኝ፤ ከአልጋዬ ሆኜ የመስኮቱን ብረት እቆጥራለሁ።

አሁን የምጽፍልህ ግን ለዚህ አይደለም። ኦፕራሲዮን ያደረገችኝ ሐኪም ሌላ ናት፣ ወጣት። ፋሻውን ፈትታ ካርዴን አገላበጠችና ‘አባቴ፣ ቀደም ብለው ቢመጡ እኮ ቀኙም ይተርፍ ነበር። ይህን ያህል ምን ይዞዎት ነው?’ አለችኝ። ቀብሩም፣ ሰርጉም፣ ወፍጮውም፣ ውክልናውም እኩል አፌ ላይ መጡ። ለዚያች ልጅ ሊነገር የሚችል ግን አንድም አጣሁባቸው። ‘ሂድ ያለኝ ሰው አልነበረማ’ አልኳት። እውነቴን መስሎኝ ነው፣ ኢብሳ።

ድንቅቱ አጠገቤ ቆማ ነበር። ‘እኔስ?’ አለች።

ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሂድ ብላኛለች። ቦርሳዬን አዘጋጅታ መልሳ ስትፈታው አይቻለሁ። ድምጿን እሰማው ነበር እኮ! ሰው እንደተናገረኝ ግን አልቆጠርኩትም። አንድ ፍሬ ልጅ ከስዊድን በወረቀት ቢቆጣኝ ግን ተነሥቼ ሄድኩ። ይህን ምን ትለዋለህ? እኔ አልገባኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ምግቤን ታቀርባለች፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ትጨምርልኛለች፣ አትቆጣም፣ አትናገርም። ስንቱን ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ፤ ለራሴ ሲሆን የመጀመሪያው ቃል ጠፋኝ።

ምን ልበላት ብዬ አንተን ላስፈቅድ ነበር ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት። እዚህ ደርሼ ሳየው አሳፈረኝ። ያንተ መልስ እስኪደርስ ሌላ ሁለት ወር ልጠብቅ ነው? ድንቅቱ ጓሮ ጎመን እየቀነጠሰች ናት፤ በመስኮቱ ትታየኛለች። ደብዳቤው እዚህ ይቁም፤ ልሂድ።

ገቢሳ